እንግዳ የራቀው ደጅ

በአገራችን ቤተ ሰብ ዘንድ እንግዳ ትልቅ ክብር አለው። መንገደኛ በምሽት ከደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ባለ ጊዜ፥ ባለቤቱ ዘሩንና አገሩን ሳይመረምር ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ቤት ያፈራውንም ያቀርብለታል። አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች እንዴት እንደ ተቀበለ ለልጆቻችን የምንነግራቸው፥ ይህ ልማድ ከቤታችን እንዳይጠፋ ነው። ስለዚህ እንግዳ የማይደርስበት ቤት የታየ እንደ ሆነ፥ ጎረቤት «ምን ገባበት?» ብሎ ይጠይቃል። ወይ ሕመም፥ ወይ ጠብ፥ ወይ ችጋር ገብቶበት ይሆናል። ቤት እንዲህ ከሆነ አገርም እንዲሁ ነው።

በዛሬው ዘመን መንግሥታት ሁሉ አንድ ዓይነት እንግዳ ይጠብቃሉ፤ እርሱም ቱሪስት ወይም አገር ጎብኚ የሚባለው ነው። ቡና የሚሸጥ አገር ቡናውን በመርከብ ጭኖ ይልካል፤ ጎብኚ የሚቀበል አገር ግን ገዢው ራሱ መጥቶ የባሕሩን ዳርቻ፥ የተራራውን አየር፥ የጥንት አባቶችን ሕንጻ አይቶ፥ ዋጋውን ከፍሎ፥ ዕቃውን እዚያው ትቶት ይሄዳል። ይህ እጅግ መልካም ንግድ ነው፤ ዳሩ ግን ከንግድ ሁሉ ይልቅ ቶሎ የሚደነግጥ ይኸው ነው። ቡና ጠጪ ቡናው በበቀለበት አገር ሁከት ተነሣ ብሎ ስኒውን አያስቀምጥም። ጎብኚ ግን የሚያመጣው የራሱን ሕይወትና የልጆቹን ሕይወት ስለ ሆነ፥ አንድ ክፉ ወሬ የሰማ እንደ ሆነ ጉዞውን ወደ ሌላ አገር ያዞራል።

ይህን ነገር አጉልቶ የሚያሳየን የስሪ ላንካ ታሪክ ነውና በዚህ ወር እርሱን እንመልከት። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ስሪ ላንካ ከሕንድ አገር በስተ ደቡብ በባሕር የተከበበች፥ 22 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ደሴት ናት። እስከ 1972 ድረስ ስሟ ሴሎን ነበር፤ ብዙዎቻችንም በሻይዋ እናውቃታለን። ለእኛም ፈጽማ እንግዳ አይደለችም። በዐፄ ካሌብ ዘመን በአዱሊስ ወደባችን የነበረው ኮስማስ የተባለው ነጋዴና መነኵሴ በጻፈው መጽሐፍ፥ ታፕሮባኔ ብሎ ወደ ጠራት ወደዚህች ደሴት ከሕንድ፥ ከፋርስና ከኢትዮጵያ ብዙ መርከቦች ይመላለሱ እንደ ነበር ይመሰክራል፤ በዚያም የፋርስ ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን እንደ ነበረ ይናገራል። እንግዳ መቀበል ለዚህች ደሴት የትናንት ሥራ አይደለም ማለት ነው።

በደሴቲቱ ከ1983 እስከ 2009 ድረስ የርስ በርስ ጦርነት ነበረ። ጦርነቱ ባበቃበት በ2009 የመጡት ጎብኚዎች 450 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሰላም ሲሰፍን ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት ጨመረ። የሲጊሪያን የዐለት ምሽግ፥ የጋልን የባሕር ዳር ቅጥር፥ በያላ ዱር ያለውን ነብር፥ በሻይ ተራሮች መካከል እየተጠማዘዘ የሚያልፈውን ባቡር ለማየት የመጣው ሰው በ2018 ከ2 ሚሊዮን 300 ሺህ በለጠ፤ ያስገባውም ገንዘብ 4.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። አገሪቱ ነዳጁንም፥ መድኃኒቱንም፥ የዱቄት ወተቱንም ከውጭ የምትገዛው በዚህ ገንዘብ፥ በልብስ ስፌት ፋብሪካዎቿ ምርትና በውጭ አገር ሠርተው በሚልኩላት ልጆቿ ገቢ ነበር።

በ2019 ኤፕሪል 21 ቀን፥ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር በሚያዝያ 13 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ የምዕራባውያን የትንሣኤ በዓል ነበር። እኛ በዚያች እሑድ የሆሣዕናን ዘንባባ ይዘን በቤተ ክርስቲያን ቆመን ሳለ፥ በስሪ ላንካ በሦስት አብያተ ክርስቲያናትና በኮሎምቦ ከተማ በሦስት ታላላቅ ሆቴሎች አጥፍቶ ጠፊዎች ቦምብ አፈነዱ። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም መካከል ከ40 የማያንሱት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ምእመኑ በጸሎቱ፥ እንግዳውም በቁርሱ ላይ ሳለ ነበር የተገደለው። የእንግሊዝ መንግሥትና ሌሎችም ዜጎቻቸው አስፈላጊ ካልሆነ በቀር ወደዚያ እንዳይሄዱ አስጠነቀቁ። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ከወጣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የመንገደኛውን ጉዳት አንከፍልም ሊሉ ስለሚችሉ፥ ደፋሩም ጎብኚ ይቀራል። በዚያ ዓመት የገባው ሰው ወደ 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ወረደ።

ሆቴሎቹ ከዚህ ድንጋጤ ሊያገግሙ ሲሉ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በ2020 ማርች የአየር በሮች ተዘጉ፤ የዓመቱ ጎብኚ 507 ሺህ ያህል ብቻ ሆነ፤ በ2021 ደግሞ 194 ሺህ ያህል። ከሦስት ዓመት በፊት አሥራ ሁለት እንግዳ የነበረበት ማዕድ አንድ እንግዳ ቀረበት ማለት ነው።

ሁሉን በወረርሽኙና በነፍሰ ገዳዮች ብቻ ማመካኘት ግን እውነትን ማጉደል ይሆናል። መንግሥቱ በ2019 መጨረሻ ግብርን እጅግ ቀነሰ፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ100 15 የነበረው ወደ 8 ወረደ። ግምጃ ቤቱ ሲጎድል ብድር በብድር ላይ ተደራረበ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የምንለው ይህን የመሰለውን ነው። በ2021 ደግሞ ገበሬው ሳይዘጋጅ ከውጭ የሚመጣ የኬሚካል ማዳበሪያ በድንገት ተከለከለ፤ የሩዙ አዝመራ ወደቀ፤ ክልከላው በዚያው ዓመት ቢነሣም ጉዳቱ ወዲያው አልተመለሰም። በ2019 መጨረሻ 7.6 ቢሊዮን ዶላር የነበረው የውጭ ገንዘብ ክምችት እየተመናመነ ሄዶ፥ በ2022 ሜይ ወር የገንዘብ ሚኒስትሩ ሊወጣ የሚችለው ከ50 ሚሊዮን ዶላር በታች መሆኑን ተናገሩ። በኤፕሪል 12 ቀን 2022 አገሪቱ የውጭ ዕዳዋን መክፈል እንዳቆመች አስታወቀች፤ በ1948 ነጻነቷን ካገኘች ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። የስሪ ላንካ ገንዘብ ሩፒ ዋጋው ወድቆ፥ 200 ያህል ሩፒ ያወጣ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወር ውስጥ 360 ያህል አወጣ። እንግዲህ በባዕድ ዓይን አገሩ ሁሉ ረክሷል፤ አልጋውም፥ ምግቡም፥ መኪናውም በግማሽ ዋጋ የቀረበ ያህል ነው። ጎብኚ ግን አልጎረፈም። በ2022 የገባው 720 ሺህ ያህል ነበር፤ ይህም የ2018ን ሲሶ እንኳ አልሞላም። እንግዳ የሚመጣው ስለ ርካሽነት ብቻ አይደለምና። መንገዱ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ሌሊቱ መብራት ይፈልጋል፤ የታመመም መድኃኒት ይፈልጋል። በማርች መጨረሻ ኤሌክትሪክ በቀን እስከ 13 ሰዓት ይጠፋ ነበር። ባለ ሦስት እግሩን ባጃጅ የሚነዳው ሰው አንድ ቀን ለመሥራት ሁለት ቀን በነዳጅ ሰልፍ ይውል ነበር፤ በሰልፉ ላይ እንዳሉ የሞቱም ነበሩ። በጁን መጨረሻም ለአስቸኳይ አገልግሎት ካልሆነ በቀር ነዳጅ መሸጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ተከለከለ።

መከራው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ክብ ሆኖ ይዞር ነበር። እንግዳ ስላልመጣ ዶላር የለም፤ ዶላር ስለሌለ ነዳጅ የለም፤ ነዳጅ ስለሌለ እንግዳ አይመጣም። ከድንጋዩ በታች የሚፈጨው ማን ነው? ሆቴል ሲዘጋ ባለሆቴሉ ምናልባት ሌላ ሀብት ይኖረዋል። ዓሣውን ለሆቴሉ የሚሸጥ አጥማጅ፥ አንሶላ የምታጥብ ሴት፥ አትክልት የሚያቀርብ ገበሬ፥ በቋንቋ ዕውቀቱ የሚያድር አስጐብኚ ግን ከእጅ ወደ አፍ የሚኖሩ ናቸው። አንዳንድ ሰዎች «ቱሪስት የባለጸጎች መዝናኛ ነው፤ ቢቀርስ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ተዝናኙን ያዩታል፤ ከተዝናኙ ኋላ የቆመውን ድሀ አያዩትም። ተዝናኙ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ድሀው ግን መሄጃ የለውም።

በትምህርት ቤትም የሆነውን እንጨምር፤ ለመምህር ይህ ከሁሉ የከበደ ነው። በ2022 ማርች በኮሎምቦ ዙሪያ ባለው የምዕራብ ክፍለ አገር፥ ወረቀትና ቀለም ከውጭ የሚገዛበት ገንዘብ በመጥፋቱ የተማሪዎች ፈተና ተላለፈ። ልጆች ዓመቱን ሙሉ አጥንተው መጠየቂያ ወረቀት አጡ። የዋጋ ውድነቱም በሴፕቴምበር ከ100 70 ያህል ደረሰ። ሕዝቡ ትዕግሥቱ አልቆ በጁላይ 9 ቀን የፕሬዚዳንቱን መኖሪያ ወርሮ ገባ፤ ፕሬዚዳንቱም ከአራት ቀን በኋላ ከአገር ወጡ።

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ግን ኀዘን ብቻ አይደለም። ጸጥታ ሲመለስ፥ የነዳጅ ሽያጭ በሥርዐት ሲደለደል፥ በ2023 ማርችም የዓለም የገንዘብ ድርጅት 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ብድር ሲፈቅድ፥ እንግዳው ተመለሰ፤ በ2023 ወደ 1 ሚሊዮን 490 ሺህ፥ በ2024 ከ2 ሚሊዮን በላይ። ለዚህም ሕዝቡ የከበደ ግብርና የተወደደ የመብራት ዋጋ ተሸክሟል።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? በቅዱስ ላሊበላ ከተማ ከዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ደጅ የጎብኚን ጫማ በመጠበቅ፥ በቅሎ በማከራየት፥ በአስጐብኚነት ይኖሩ የነበሩ ቤተ ሰቦች ከወረርሽኙ በኋላ በ2020 ኖቬምበር የተነሣውን ጦርነት፥ በ2021 ከተማዪቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፥ በ2023 ደግሞ እንደ ገና በአማራ አገር ውጊያ ሲነሣ አይተዋል። አገራችንም በ2023 ዲሴምበር የ33 ሚሊዮን ዶላር የወለድ ዕዳ ሳትከፍል ቀርታለች። ስለዚህ የስሪ ላንካ ነገር የሩቅ ተረት አይደለም።

የመጀመሪያው ትምህርት፥ ሰላም ከሌለ ማስታወቂያና ሥዕል እንግዳ አያመጡም። ሁለተኛው፥ መንግሥትም ቤተ ሰብም በጥጋብ ቀን የሚበደሩት ዕዳ በችግር ቀን ይጠይቃቸዋል። ሦስተኛው ለወላጆች ነው፤ ልጃችሁ አስጐብኚ መሆን ቢወድ አትከልክሉት፤ ቋንቋና የአገር ታሪክ መማር ክብር ነው። ነገር ግን ከዚሁ ጋር እንጨት መጥረብን፥ ልብስ መስፋትን፥ ንብ ማነብን ወይም ሌላ የእጅ ሙያ ይማር፤ በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ምሰሶው የተነቀነቀ ዕለት ይወድቃልና።

አራተኛው ለሁላችን ነው። ከጎረቤታችሁ መካከል ሥራው ከእንግዳ ጋር ስለ ነበረ ዛሬ ባዶ እጁን የተቀመጠ ሰው ይኖራል። የሩቁ እንግዳ እስኪመለስ ድረስ እርሱን ወደ ማዕዳችሁ ጥሩት፤ ለልጁም ደብተር ግዙለት። እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላምን፥ ለደጃችን እንግዳን ይስጥልን።