ክፍት የአየር ማጣሪያና የትንሿ መኪና ጉልበት

አንድ ወጣት አንባቢያችን ከሰላምታ ጋር ያቀረበልን ጥያቄ ይህን ይመስላል። እርሱና ታላቅ ወንድሙ በጋራ የገዟት 1500 ሲሲ ቪትዝ አርኤስ አለቻቸው። ቀን ቀን ታላቁ ይሠራባታል፤ ማታና በዕረፍት ቀን ታናሹ ይነዳታል። ታናሹ ከወራት ቁጠባው አውጥቶ ከፋብሪካ የመጣውን ጥቁር የማጣሪያ ሣጥን በማስነሣት፣ በምትኩ ሾጣጣ ክፍት ማጣሪያና የሚያብረቀርቅ ቱቦ ሊያስገጥም አስቧል። ሻጩ «ጉልበቷ በግልጽ ይጨምራል» ብሎታል። ታላቁ ደግሞ «ሞተሩን አቧራ ልታበላው ነው» ብሎ ከልክሎታል። በዚህ የተነሣ ሁለቱ ወንድማማቾች ከተኮራረፉ ሰንብተዋል። ለመሆኑ ትክክሉ ማን ነው?

ወጣቱን አናሞኘውም። ትንሽና ቀላል መኪና ላይ ብርቱ ሞተር ተክሎ የመንዳት ፍቅር የእርሱ ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው ጎልፍ ጂቲአይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ለገበያ ሲቀርብ 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ያን ጊዜ ለቤተሰብ መኪና ይህ ብዙ ነበር። በ1984 የፈረንሳዩ ፔጆ 205 ጂቲአይ ተከተለ። ቶዮታም ቪትዝን በ1999 ካወጣ በኋላ አርኤስ የተባለችውን ፈጠን ያለች ዓይነት ጨመረላት፤ ባለ 1500 ሲሲዋ በወረቀት ላይ 110 ያህል የፈረስ ጉልበት አላት። እንዲህ ያለችውን መኪና ያገኘ ወጣት ትንሽ ልጨምርላት ማለቱ አያስደንቅም። ጥያቄው የሚገጥመው ዕቃ ይህን ጉልበት በእርግጥ ይጨምራል ወይ የሚለው ነው።

ሞተር አየር ይስባል፤ አየሩን ከቤንዚን ጋር ያቃጥላል። አራት ምት ያለው 1500 ሲሲ ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ተኩል ሊትር ያህል አየር ይወስዳል። በደቂቃ 6000 ዙር ሲሽከረከርና የቤንዚኑ መርገጫ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ በደቂቃ 4500 ሊትር ያህል ማለት ነው። ሻጮች የሚነሡት ከዚህ ነው፤ መንገዱ ሰፋ ካለ ብዙ አየር ይገባል፣ ብዙ አየር ከገባም ጉልበት ይጨምራል ይላሉ። አባባሉ በራሱ ስሕተት የለበትም። ችግሩ የፋብሪካው ማጣሪያ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ የሚያስከትለው መታፈን አብዛኛውን ጊዜ ከአየሩ ግፊት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ማጣሪያውን ጨርሶ አውጥተን ብንጥለው እንኳ ከዚህ በላይ አናተርፍም።

እንግዲህ መኪናችን የደከመችው ለምንድን ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጂቡቲ ወደብ ላይ የአየሩ ግፊት 100 ነው ብንል በአዲስ አበባ 76 ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በአንድ ምት የሚያገኘው አየር በዚሁ መጠን ስለሚሳሳ፣ ከፋብሪካዋ በ110 የፈረስ ጉልበት የወጣች መኪና መርካቶ ላይ ከ85 እምብዛም አይበልጥላትም። ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ሞተሯ ቀስ በቀስ ስትነቃ ይሰማዋል፤ ማንም ምንም ሳይገጥምላት በከፍታው መቀነስ ብቻ ነው። ሾጣጣው ማጣሪያ ይህን ሩብ ጉልበት ሊመልስ አይችልም። የጎደለው የውጭው ግፊት እንጂ የቱቦው ስፋት አይደለምና። ከቀሩት 85 ላይ ከመቶ ሁለት እጅ ቢጨምር ደግሞ ሁለት የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም። ማንም ነጂ ይህን ከወንበሩ ላይ ሆኖ ሊለየው አይችልም።

ከዚህ የባሰው ሙቀቱ ነው። የፋብሪካው ሣጥን መልኩ ባያምርም አየሩን በአብዛኛው የሚስበው ከራዲያተሩ ፊት ወይም ከጎን፣ ማለትም ቀዝቀዝ ካለው ወገን ነው። ክፍቱ ማጣሪያ ግን በኮፈኑ ሥር ተቀምጦ ራዲያተሩና ሞተሩ ያሞቁትን አየር ይስባል። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ውጭው 20 ዲግሪ ሆኖ ማጣሪያው 50 ዲግሪ የደረሰ አየር ቢስብ፣ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ከመቶ 9 እጅ ያህል ይቀንሳል። ሁለት ለማግኘት ዘጠኝ መክፈል ማለት ነው። ከመገናኛ እስከ ቦሌ ባለው የመኪና ሰልፍ ውስጥ ኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ከ50 ዲግሪ በላይ ሊወጣ እንደሚችል ሁሉም ነጂ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል።

«ታዲያ እኔ ስነዳው ልዩነቱ ለምን ተሰማኝ?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የተሰማቸው በጆሮአቸው ነው። በፋብሪካው ሣጥንና ቱቦ ላይ ያሉት ጉብታዎችና ባዶ ክፍሎች የሞተሩን የመሳብ ድምፅ ለማፈን የተሠሩ ናቸው። እነርሱ ሲነሡ ሞተሩ ያገሣል፤ ያገሣ ሞተር ደግሞ የፈጠነ ይመስላል። ድምፁን ስለወደደው ብቻ የሚገዛ ሰው ካለ ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ድምፅ እንደገዛ ግን ይወቀው። ከሱብሒ በፊት በጠባብ መንደር ውስጥ ሞተር ለሚያስነሣ ሰውም የጎረቤት እንቅልፍ ሐቅ መሆኑን ማስታወስ ከእኛ አይጠበቅም።

አሁን ወደ ታላቁ ወንድም ስጋት እንምጣ፤ ከጉዳዩ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው። የአገራችን አቧራ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም በውስጡ ከድንጋይ የተፈጨ ጠንካራ አሸዋ አለበት። ሞተርን አብልጦ የሚጎዳው ለዓይናችን የሚታየው ትልቁ ቅንጣት አይደለም። ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ያለው ደቃቁ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል መሆኑን ልብ ይበሉ። ይህ ደቃቅ ቅንጣት በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ባለችው ቀጭን የዘይት ሽፋን ውስጥ ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም። ከወራት በኋላ መኪናዋ ዘይት መብላት ትጀምራለች፤ ጠዋት ስትነሣ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፤ ከዚያም ሞተር ማሳደስ ይመጣል።

ደህና የወረቀት ማጣሪያ ከሚደርስበት አቧራ ከመቶ ከ99 እጅ በላይ ይይዛል። አንዱ ማጣሪያ 99፣ ሌላው 97 ይይዛል ቢባል ልዩነቱ ትንሽ ይመስለናል። ነገር ግን ወደ ሞተሩ የሚያልፈውን እንቁጠር፤ በመጀመሪያው አንድ፣ በሁለተኛው ሦስት ነው። ሦስት እጥፍ አቧራ ማለት ነው። ማጣሪያዎች የሚፈተኑበት አይኤስኦ 5011 የሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። የሾጣጣው ማጣሪያ ካርቶን ላይ የፈረስ ጉልበት ብቻ ተጽፎ ስለ አቧራ አንድም ቃል ከሌለ፣ ዝምታው ራሱ መልስ ነው። ስም ያላቸው አምራቾች የሚሠሯቸው በዘይት የሚርሱ የጥጥ ማጣሪያዎች በአግባቡ ከተያዙ የሚያገለግሉ ናቸው። ችግሩ የእነርሱን መልክ ብቻ ይዞ በርካሽ የሚሸጠው ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። በቪትዝ አርኤስ ሞተር ላይ ከማጣሪያው ቀጥሎ የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር ተቀምጧል። በውስጡ ያለች የጋለች ቀጭን ሽቦ አየሩ ሲያልፍባት ምን ያህል እንደቀዘቀዘች ታይቶ ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን ይመጥናል። ልኩ የተሠራው ለፋብሪካው ቱቦ ስፋት ነው። ሰፋ ባለ ቱቦ ውስጥ ቢተከል ከእውነተኛው ያነሰ አየር ያነባል፤ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ያንሳል። ኮምፒዩተሩ ከጭስ ማውጫው ሴንሰር እየተረዳ የተወሰነውን ያስተካክላል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ግን የማስጠንቀቂያ መብራቱን ያበራል። ፒ 0171 የሚለው ኮድ የዚህ ዓይነተኛ ምልክት ነው፤ ቤንዚን አንሷል፣ አየር በዝቷል ማለት ነው። በጥጥ ማጣሪያ ላይ ዘይት ያለ ልክ ሲፈስም ትርፉ ተስቦ ሽቦዋ ላይ ስለሚለጠፍ ንባቡ ይበላሻል።

ባለ ተርቦ መኪና ያላቸው፣ በተለይ በአውሮፓ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን የእነርሱ ነገር በከፊል ይለያል። ተርቦ በከፍታ ላይ የጎደለውን ግፊት በብዛት ይተካል። ኮምፒዩተሩ የሚፈልገውን ግፊት አስቀድሞ ስለሚወስን ግን ማጣሪያ መቀየር ብቻውን እምብዛም አይጨምርም። በጀርመን ደግሞ ለመኪናው ፈቃድ የሌለው ዕቃ መግጠም የመንገድ ፈቃዱን ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ከመግዛት በፊት ወረቀቱን መጠየቅ ይገባል።

ይህን ሁሉ ሰምቶም ልግጠም የሚል ወጣት ቢያንስ በደንብ ይግጠም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ሴንሰሩ ሲወጣ ሽቦዋ በጣትም በጨርቅም አትነካ፤ ሲመለስም የቀስቱ ምልክት አየሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር፤ የቱቦው ውስጣዊ ስፋት ከድሮው ጋር በልክ አንድ ይሁን። ከሞተሩ የሚመጣችው ትንሿ የጭስ መመለሻ ቱቦ ቦታዋን ሳታገኝ እንዳትንጠለጠል። ብዙ ጊዜ የምትረሳው እርሷ ናት፤ ክፍት ከቀረች ያልተጣራ አየር በቀጥታ ይገባል። ፋሸታዎቹ ሁሉ ይጥበቁ። ማጣሪያው በቆርቆሮ ግርዶሽ ከሞተሩ ሙቀት ይከለል፤ ከፊት ለፊትም ቀዝቃዛ አየር የሚያመጣ ቱቦ ይዘርጋለት። ይህ ከሌለ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ ማጣሪያውን ከጎማው አጠገብ ዝቅ አድርገው የሚያስቀምጡም አሉ። በደረቅ አገር ያስኬድ ይሆናል። በእኛ ክረምት ግን መንገዱ ሐይቅ ሲሆን ማጣሪያው ውኃ ይስባል። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ መሄጃ ሲያጣ የፒስተኑ ክንድ ይጣመማል ወይም ይሰበራል። ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ያበቃለታል።

በእኛ በኩል ግን ወንድማችን ያጠራቀመውን ገንዘብ በሌላ ላይ ቢያውለው እንመርጣለን። ትክክለኛ አዲስ የወረቀት ማጣሪያ፣ አዲስ ካንዴላ፣ የአየር መክፈቻው ጽዳት፣ የጎማው ነፋስ ልክ መሆን፤ በቸልታ ለቆየች መኪና እነዚህ የሚመልሱት ጉልበት ሾጣጣው ይሰጣል ከሚባለው ይበልጣል። የወረቀቱን ማጣሪያ በየሳምንቱ በኮምፕሬሰር ማስነፋትም ይቅር። ኃይለኛው ነፋስ ወረቀቱን ይበሳዋል፤ ቀዳዳው ለዓይን አይታይም፣ ለ10 ማይክሮን አቧራ ግን በር ነው። አምፖል ከኋላው አብርቶ ማየት ትልልቁን ቀዳዳ ብቻ ያሳያል። በተጨማሪም መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለች የቤንዚን መኪና ሞተር ዋጋው ሌላ ሆኗል። ታላቁ ወንድም የዕለት ገቢውን የሚያገኝባትን መኪና መጠበቁ ንፉግነት ተብሎ ሊወቀስ አይገባም።

ሁለቱ ካልተስማሙ በክርክር ከመድከም መለካት ይሻላል። ከስልክ ጋር የምትገናኝ የኮድ ማንበቢያ ዋጋዋ ከማጣሪያው ብዙ ያንሳል። በድሮው ሣጥን አንድ ቀን በተለመደው መንገድ ነድተው የሚገባውን አየር ሙቀት ይመዝግቡ፤ ሾጣጣውን ገጥመው በዚያው ሰዓት በዚያው መንገድ ይድገሙት። የድሮውን ሣጥን እንዳይጥሉት ወይም እንዳይሸጡት አደራ። 1000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቱቦውን ከማጣሪያው በስተኋላ ፈትተው ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ የአቧራ ቀለም ከታየ ማጣሪያው በዚያኑ ቀን ይውረድ፤ ሣጥኑም ወደ ቦታው ይመለስ።