ነፋሱን ያላማከረ ዕቅድ

ሦስት ወጣት ወዳጆቼ ባለፈው ሰሞን ቤቴ ድረስ መጥተው አንድ ወረቀት ሰጡኝ። የምንኖረው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ከሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ተነሥቶ፣ የፓስፊክን ውቅያኖስ ዳር ዳሩን ይዞ፣ በሰሜን የኦሪገን ጫፍ እስካለችው አስቶሪያ ድረስ በብስክሌት የሚደረግ ጉዞ ዕቅድ ነው። መንገዱ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ልጆቹ ያላቸው የዕረፍት ፈቃድ ደግሞ 12 ቀን ነው። ስለዚህ 1,600ን ለ12 አካፈሉና «በቀን 133.3 ኪሎ ሜትር» ብለው ጻፉ። ያቺ ነጥብ ሦስት መጀመሪያ አሳቀችኝ፤ ቆይታ ግን አናደደችኝ። ይህንንም የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው።

ከዚያ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ የዕቃ ነው። ድንኳኑ ስንት ግራም፣ ኮርቻው ከምን ቆዳ፣ ማርሹ ስንት ጥርስ። ስለ ነፋስ አንድ ቃል የለም። ስለ ውኃ የለም። ስለ ናዳ የለም። እኔን የፈለጉኝ መንገዱን ቀደም ሲል ስለማውቀው አብሬያቸው እንድሄድ ነው።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ከ2,000 ሜትር በላይ ያደግን ነን፤ የባሕር ጠለል ዳገት ምን ያደርገናል?» አለኝ አንደኛው። ይህን አባባል በየስብሰባው፣ በየቡናው ላይ ስለምሰማው ዛሬ መልስ ልስጠው። ከደጋ የመጣ ሳምባ ጥሩ ሳምባ ነው፤ አልክድም። ሆኖም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል፤ ግን አንዴ ነው። ደጀን ከደረሰ በኋላ ያርፋል፣ ሻዩን ይጠጣል። የፓስፊክ ዳርቻ እንዲህ አይደለም። ከተራራው የሚወርደው እያንዳንዱ ጅረት ውቅያኖሱ አፍ ላይ ሲደርስ ገደል ቆርጧል። መንገዱ ወደ ጅረቱ ይወርዳል፣ ይሻገራል፣ ይወጣል፤ ትንፋሽህን ሳትሰበስብ ሌላው ጅረት ይመጣል። አንዱ ዳገት 60 ሜትር፣ ሌላው 100፣ ሌላው 40። ካርታ ላይ ሲያዩት የመጋዝ ጥርስ ነው። ማታ ሲደማመር ግን አንድ ዓባይ ይወጣዋል፤ በማግሥቱም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዳገት ጫፍ አለው። ነፋስ ጫፍ የለውም። በበጋ የውቅያኖሱ አየር ቀዝቃዛ ሆኖ ሲቆይ ከተራሮቹ ጀርባ ያለው ሸለቆ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ነፋስም ጠረፉን ይዞ ወደ ደቡብ ይነፍሳል፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ይብስበታል። እንግዲህ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ይህን ነፋስ በደረቱ ይቀበለዋል ማለት ነው። ልጆቹ ከደቡብ ለመጀመር የፈለጉት «ከባዱን ቢግ ሰርን በትኩስ ጉልበት እንጨርሰው» ብለው ነው። ወረቀት ላይ ብልህነት ይመስላል። ደግሞም አሜሪካ ውስጥ የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ ወደ ሰሜን የሚሄድ ብስክሌተኛ ከተራራው ግርጌ ተለጥፎ ይጓዛል፤ ውቅያኖሱን ለማየት በቆመ ቁጥር መንገዱን መሻገር አለበት። ወደ ደቡብ የሚሄደው ግን ባሕሩ በቀኙ፣ ነፋሱ በጀርባው ነው። ይህንን ያላማከረ ዕቅድ ምን ዓይነት ዕቅድ ነው?

ለምን እንዲህ እንደምቆጣ ልናገር። ከዓመታት በፊት እኔም ያንኑ አደረግኩ። ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ አስቶሪያ፣ ማለት ወደ ሰሜን፣ በየቀኑ 110 ኪሎ ሜትር ብዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ ፔዳል እየመታሁ ነበር፤ ነፋሱ ካልረገጥኩ አያስወርደኝም። ኦሪገን የደረስኩት ከወረቀቴ ሦስት ቀን ዘግይቼ ነው። ታዲያ ዘግይቶ የሚጓዝ ሰው ምን ያደርጋል? ምሽት ላይ «አንድ ዐሥር ኪሎ ሜትር ልጨምር» ይላል። እንዲሁ እየጨመርኩ ኒውፖርት ከተማ መግቢያ ያለው የያኪና ወሽመጥ ድልድይ ላይ ሊጨልም ሲል፣ ጉሙ ሲወርድ ደረስኩ። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1936 የተሠራ፣ ለዓይን እጅግ ያማረ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ነገር ግን ለብስክሌት የሚሆን ጠርዝ የሌለው ጠባብ ድልድይ ነው። ማደር ይቻል ነበር፤ ከድልድዩ ወዲህ የድንኳን ሰፈር አለ። ወረቀቴ ግን ማደሪያህ ከድልድዩ ማዶ ነው አለኝ። መካከሉ ላይ ስደርስ ቤት የሚያክል የሽርሽር መኪና አጠገቤ አለፈ፤ መስተዋቱ ክርኔን ዳሰሰው። መታኝ አላልኩም፣ ዳሰሰኝ ነው ያልኩት። የእጅጌዬ ጨርቅ ግን ተቀደደ። ሾፌሩ ያየኝም አይመስለኝም፤ እኔም አልከሰውም። በዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ ያቆመኝ ወረቀቴ ነው።

ካሊፎርኒያ ከ2014 ጀምሮ መኪና ብስክሌተኛን ሲያልፍ ቢያንስ ሦስት ጫማ እንዲርቅ፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ከተቻለ ረድፍ እንዲቀይር የሚያዝ ሕግ አላት። መልካም ሕግ ነው። ጉም ውስጥ ለማይታይ ሰው ግን ሦስት ጫማ የሚለካለት የለም።

አሁን ወደ ቢግ ሰር ልምጣ፤ ልጆቹ በአንድ ቀን ከመንፈቅ ይጨርሱታል ብለው የጻፉት ነው። እዚህ የሳንታ ሉቺያ ተራሮች ቀጥ ብለው ውቅያኖስ ውስጥ ይገባሉ። መንገዱ ከ1919 እስከ 1937 ድረስ ተቆፍሮ ነው የተከፈተው፤ በቀን 35 የአሜሪካ ሳንቲም የሚከፈላቸው እስረኞችም ሠርተውበታል። ፎቶግራፍ ላይ ሁላችንም የምናውቀው የቢክስቢ ድልድይ በ1932 ተሠርቶ 80 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተሰቅሏል። ተራራው ግን ይህን መንገድ እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። በ2017 ክረምት መሬቱ ተንሸራቶ አንድ ድልድይ ሰነጠቀ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት መድ ክሪክ በሚባለው ቦታ ተራራው ከነአፈሩ ወርዶ መንገዱን ቀበረው፤ ከዓመት በላይ ተዘጋ። በጥር 2021 ራት ክሪክ ላይ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ ባሕር ውስጥ ጣለው። በጥር 2023 ሌላ ናዳ፣ በ2024 ደግሞ ሌሎች። እንግዲህ ናዳ እዚህ አገር አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ድንገተኛ ነገር ሳይሆን የመንገዱ ጠባይ ነው። ከካርሜል እስከ ካምብሪያ ድረስ ተራራውን አቋርጦ የሚወጣ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በእሳትና በጎርፍ ለረጅም ጊዜ የተዘጋበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ መንገዱ መከፈት አለመከፈቱን ካርሜል ወይም ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ላይ ሆኖ ያልጠየቀ ሰው ከገደሉ አፍ ላይ ደርሶ መመለስ አለበት። «ስልካችን ይነግረናል» አሉኝ። በብዙው ቦታ ስልኩ ራሱ ማንንም አያገኝም። ልጆቹ እናድርበታለን ያሉት ኪርክ ክሪክ የድንኳን ሰፈር ለብስክሌተኛ ቦታ አለው፤ የሚጠጣ ውኃ ግን የለውም። ይህቺን አንዲት ነገር አለማወቅ ከድንኳኑ ግራም ሁሉ ትበልጣለች።

«ይህ ሁሉ ከታቀደ ጀብዱው የቱ ላይ ነው?» የሚል ክርክርም ቀረበልኝ። የዚህ ክርክር ባለቤቶች የዋህ ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም። ዕቅድ የሚያስቀረው ጀብዱ የውኃ ጥም፣ የጨለማ ድልድይና የተዘጋ መንገድ ነው። ጉሙን፣ ዓሣ ነባሪውን፣ በሌሊት ድንኳን ሥር እጁን ሰዶ ዳቦ የሚሰርቀውን ራኩን የሚባል ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል አውሬ ማንም ዕቅድ አያስቀርም። (ራኩን ያላማረረው ብስክሌተኛ አላየሁም።) መሐንዲሶች እንኳ አይሆንም ብለው የተዉት ጠረፍ አለ። ዋናው መንገድ ውቅያኖሱን ጥሎ ወደ መሀል አገር፣ ወደ ሌጌት የሚገባው ተራራው ስላሸነፋቸው ነው፤ ቦታውንም «የጠፋው ጠረፍ» ይሉታል። መሐንዲስ ዞሮ ሲሄድ ያላፈረውን፣ እኛ ቀን ለመጨመር የምናፍረው ለምንድን ነው?

ኦሪገን ውስጥ ደግሞ የምወዳት አንዲት ነገር አለች። አርች ኬፕና ሄሴታ ሄድ አካባቢ ባሉት ዋሻዎች መግቢያ ላይ አንድ ቁልፍ ተተክሏል። ብስክሌተኛው ቆሞ ይጫናታል፤ ከኋላው የሚመጣ መኪና «ዋሻው ውስጥ ብስክሌት አለ» የሚል ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያያል። በቃ፣ ይህችው ናት። ግዛቲቱ በ1971 ከመንገድ ገንዘቧ ቢያንስ መቶኛውን ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲውል በሕግ ወስናለች። ያቺን ቁልፍ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ሰው ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ስለሚመጣው ሰው እንዳሰበ ይታወቀኛል። የልጆቹ ወረቀት ላይ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ሰው የለም። 133.3 የተሠላው በሦስቱ ውስጥ በጣም ጠንካራው በሚሄደው ነው። ትንሹ ብስክሌት የገዛው ዘንድሮ ነው። እሱ ቢቀርስ ብላቸው፣ «አውቶቡስ ይዞ ይቀድመናል» አሉ። የትኛውን አውቶቡስ? ቢግ ሰር መሀል ላይ?

ወረቀቱን መልሼላቸዋለሁ። በጀርባው የጻፍኩት አጭር ነው፦ 12 ቀን ካላችሁ ከአስቶሪያ ወደ ደቡብ ኦሪገንን ብቻ እንሂድ፤ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስቱን ቀን ባዶ ትተን በዘጠኙ ቀን ብናካፍለው በቀን 66 ገደማ ይደርሳል። ጠዋት በማለዳ ወጥተን ነፋሱ ሳይበረታ፣ ቀኑም ሳይመሽ እንገባለን። ካሊፎርኒያ የሌላ ዓመት ነው። ትልቁ አንብቦ «ኦሪገንን ብቻ ብለን ለማን እናወራለን?» አለ። ቢያንስ እውነቱን ተናገረ።

ከትናንት ወዲያ የትንሹ እናት ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። «አብረውት ይሄዳሉ አሉ፤ አደራዎን፣ ልጄን» አሉኝ። ዕቅዱ ገና አላለቀም፣ እናቴ፣ አልኳቸው። ወደ ፖርትላንድ የሚወስደኝን ትኬት እስካሁን አልቆረጥኩም።