«የአይሁድ ድምፅ» በአሜሪካ ምርጫ፦ ሐሜቱና ተጨባጩ ሁኔታ

በየቀበሌውና በየሥራ ቦታው ስለ ዓለም አቀፍ ሁኔታ ውይይት በተካሄደ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በማን ፈቃድ ነው? ከተሰብሳቢው መካከል አንዱ ብድግ ብሎ «ይህማ የታወቀ ነው፤ አይሁዶች ያሉት ነው የሚሆነው» ሲል ራሱን በአዎንታ የሚነቀንቀው ጥቂት አይደለም። መልሱ አጭር በመሆኑ ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን አጭር መልስ ሁሉ እውነተኛ መልስ አይደለም። ነገሮችን ከሥር መሠረታቸው መመርመር የንቁ ሠራተኛ ግዴታ በመሆኑ፣ ይህን አባባል በቁጥርና በታሪክ ሚዛን ላይ ልናስቀምጠው እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ቁጥሩን እንመልከት። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2020 ባካሄደው ጥናት መሠረት፣ ለአካለ መጠን ከደረሰው የአሜሪካ ሕዝብ መካከል አይሁዳውያን 2.4 ከመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ያህል አነስተኛ ሕዝብ በቁጥሩ ብቻ ፕሬዚዳንት ሊሾም እንደማይችል ግልጽ ነው። ታዲያ ክብደቱ ከየት መጣ? ምሥጢሩ ያለው በምርጫው ሥርዓት ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ዜጋ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም። በየክፍለ ግዛቱ የተደለደሉ 538 ወኪል መራጮች አሉ፤ ከእነዚህ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከሁለት ክፍለ ግዛቶች በስተቀር፣ በአንድ ድምፅ እንኳ የበለጠ እጩ የክፍለ ግዛቱን ወኪሎች ጠቅልሎ ይወስዳል። ስለዚህ ሁለቱ ፓርቲዎች ትከሻ ለትከሻ በሚፎካከሩባቸው ጥቂት ክፍለ ግዛቶች፣ የተደራጀና ድምፁን ለመስጠት የማይሰንፍ ማንኛውም ወገን ሚዛኑን ሊያዘነብል ይችላል። በፔንሲልቬኒያ የአሸናፊው ብልጫ በ2016 ወደ 44,000፣ በ2020 ደግሞ ወደ 80,000 ድምፅ ነበር። በዚያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዳውያን ይኖራሉ። ይሁን እንጂ በዚያው ክፍለ ግዛት ጥቁር አሜሪካውያን፣ ጡረተኞችና የሠራተኛ ማኅበር አባላትም ይኖራሉ፤ የእያንዳንዳቸውም ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። ሒሳቡ የሚሠራው ለሁሉም ነው።

በዚህ ረገድ የ2000 ምርጫ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ዓመት የዴሞክራቲክ ፓርቲ ሴናተር ጆሴፍ ሊበርማንን በምክትል ፕሬዚዳንት እጩነት አቀረበ። ከሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች በአንዱ ለዚህ ደረጃ የቀረቡ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ናቸው። ውጤቱ በመጨረሻ በፍሎሪዳ ላይ ተንጠለጠለ። በፍሎሪዳ ፓልም ቢች በተባለው አውራጃ ብዙ አይሁዳውያን ጡረተኞች ይኖራሉ። የድምፅ መስጫው ወረቀት የእጩዎቹ ስም በግራና በቀኝ፣ የሚበሳው ቀዳዳ ደግሞ በመካከል የተደረደረበት ስለ ነበር ብዙ አረጋውያን ተደናገሩ። ለጎርና ለሊበርማን የሰጡ እየመሰላቸው፣ ስለ አይሁዶች በጻፏቸው ነገሮች ብዙ ወቀሳ ለደረሰባቸው ለፓት ቡካነን ቀዳዳውን በሱ። ቡካነን በዚያ አውራጃ 3,407 ድምፅ ሲያገኙ፣ ከዚህ ብዙው የእርሳቸው እንዳልሆነ እንደሚያምኑ ራሳቸው በይፋ ተናግረዋል። በጠቅላላው ፍሎሪዳ የጆርጅ ቡሽ ብልጫ ግን 537 ድምፅ ብቻ ነበር። በመላ አገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ብልጫ የነበራቸው ጎር በዚህ ተሸነፉ። እንግዲህ ኃያሉን መንግሥት ከመጋረጃ በስተጀርባ ይዘውራል የሚባለው ሕዝብ፣ በዚያ ቀን በእጁ የያዘውን አንዲት ወረቀት እንኳ እንደ ፈቃዱ ሊያደርጋት አልቻለም።

አሁን ደግሞ ወደ ታሪክ እንመለስ። ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰደው በኒውዮርክ የሰፈሩት አይሁዳውያን አብዛኛዎቹ ላባቸውን እያፈሰሱ የሚያድሩ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ነበሩ። በ1911 በትሪያንግል ፋብሪካ በተነሣው ቃጠሎ ካለቁት 146 ሠራተኞች መካከል ብዙዎቹ የአይሁድና የጣሊያን ስደተኛ ልጃገረዶች ነበሩ፤ የፋብሪካው ባለቤቶችም አይሁዳውያን ነበሩ። በ1914 እነዚሁ ሠራተኞች የሚኖሩበት ሠፈር፣ የማኅበሮቻቸው ጠበቃ የነበሩትን ሶሻሊስቱን ሜየር ለንደንን ለምክር ቤት መረጠ። ለንደን ያሸነፏቸው ሔንሪ ጎልድፎግልም አይሁዳዊ ነበሩ። በ1936 ደግሞ ሲድኒ ሒልማንና ዴቪድ ዱቢንስኪን የመሳሰሉ የማኅበር መሪዎች፣ ሠራተኛው ሩዝቬልትን በራሱ ፓርቲ ስም እንዲመርጥ የአሜሪካ ሌበር ፓርቲን በኒውዮርክ መሠረቱ። ሠራተኛውን ወደ ሩዝቬልት የሳበው የመደራጀት መብትንና የጡረታ ዋስትናን ያስገኙት የ1935 ሕጎች ነበሩ፤ በአውሮፓ ያንዣበበው የሒትለር አደጋም ተጨመረበት። ሠፈሩን ያንቀሳቀሰው የዳቦና የሕይወት ጥያቄ እንጂ የምሥጢር ትእዛዝ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህም አንድ ወጥ «የአይሁድ ድምፅ» አልታየም። አብዛኛው ለዴሞክራቶች ሲሰጥ፣ ጥብቅ ሃይማኖተኛ የሆነው ወገን በአመዛኙ ለሪፐብሊካኖች ይሰጣል። በ1980 ካርተር ከአይሁዳውያን መራጮች ግማሹን እንኳ ማግኘት አልቻሉም። ሊበርማን ራሳቸው በ2008 የሪፐብሊካኑን ማኬይንን ሲደግፉ፣ በ2016 የኒው ሃምፕሻየርን ቅድመ ምርጫ ያሸነፉት አይሁዳዊው በርኒ ሳንደርስ ባለጸጎችን በመቃወም ተነሥተዋል።

«ገንዘቡስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የእስራኤል ደጋፊ የሆነው አይፓክ ያቋቋመው የምርጫ ድርጅት፣ በ2024 የኒውዮርኩን ተወካይ ጀማል ቦውማንን ለማስወገድ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሷል። ሚሪያም አደልሰን በዚያው ዓመት ለትራምፕ ዘመቻ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር አውጥተዋል። ነገር ግን አብዛኞቹ አይሁዳውያን መራጮች ድምፃቸውን የሰጡት ለካማላ ሃሪስ ነው፤ የባለጸጋዋ ገንዘብና የብዙኃኑ ድምፅ በተቃራኒ ሰልፍ ቆመዋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ በዚያ ምርጫ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጡት ኢሎን መስክ አይሁዳዊ አይደሉም። ለዚህ ሁሉ በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው፣ ድርጅቶች በምርጫ ላይ ያለ ገደብ እንዲያወጡ የፈቀደው የ2010 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ገንዘብ መደብ አለው፤ ዘር የለውም።

አንዳንዱ «ሐሜት ምን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። በ2018 የምክር ቤት ምርጫ ሊካሄድ አሥር ቀን ሲቀረው፣ አንድ ታጣቂ በዚያችው በፔንሲልቬኒያ ፒትስበርግ ከተማ ወደ አንድ ምኩራብ ገብቶ 11 ሰዎችን ገደለ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ገዳዩን ያነሣሣው «አይሁዶች ስደተኞችን ወደ አገራችን እያመጡ ነው» የሚለው ወሬ ሲሆን፣ ጥላቻው ያነጣጠረውም ስደተኞችን በሚረዳ የአይሁዳውያን ድርጅት ላይ ጭምር ነበር። ይህን ወሬ የምናስተጋባ ሁሉ ልብ ልንል ይገባል። አይሁዳዊውን የሚጠላው ያ ሰው የሚጠላው ስደተኛ የእኛም ወንድምና እኅት ነው።

እነሆ በጆርጂያ በ2020 የፕሬዚዳንቱ ምርጫ የተወሰነው ከ12,000 ባነሰ ብልጫ ነው። በዚያ በአትላንታ ዙሪያ የአገራችን ተወላጆች በብዛት ይኖራሉ። የእነርሱ ድምፅ ነገ ሚዛን ቢያዘነብል «ሐበሾች በምሥጢር ገዙን» መባሉን እንወዳለንን? አንወድም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው እንላለን እንጂ! እንግዲያው ለራሳችን የምንሻውን ፍርድ ለሌላውም እንስጥ። በሚቀጥለው ውይይት ያ አጭር መልስ ሲሰነዘር ሦስት ጥያቄዎችን እናንሣ። ስንት ናቸው? በምን ሥርዓት? ገንዘቡስ የማን መደብ ነው? ጣታችንን በአንድ ሕዝብ ላይ በቀሰርን ቁጥር፣ ምርጫውን በገንዘቡ የሚገዛው ከበርቴ ከዓይናችን ይሰወራል።