ሙሴ ካስቴልና የአሶሳ ማሽላ

በአሶሳ ከተማ ደመወዝ በተከፈለ ማታ የጊዮርጊስ ቢራ የምታዙ ሁሉ፥ የጠርሙሱ ጌታ ማን እንደ ሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ፋብሪካው በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ በደርግ ዘመን ተወረሰ፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፈረንሳዩ የካስቴል ቤተ ሰብ ድርጅት ገዛው።

የቤተ ሰቡ መሪ ሙሴ ፒየር ካስቴል በ1926 እ.ኤ.አ. በቦርዶ አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው ከእስፓኝ የፈለሱ የእርሻ ሠራተኛ ነበሩ። ልጆቹ ዘጠኝ ናቸው። በ1949 ወንድሞችና እኅቶች ተባብረው የወይን ጠጅ ንግድ አቋቋሙ። በአገራችን የአባት መሬት ለዘጠኝ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ምን እንደሚደርሰው የምታውቁት ነው፤ እነሱ ግን ንግዱን በአንድ ጣራ ሥር አኖሩት። ወይናቸው በመርከብ ወደ አፍሪካ ተጫነ፤ በ1960ዎቹ ጋቦን ውስጥ ቢራ መጥመቅ ጀመሩ፤ በ1990 ቢጂአይ የተባለውን ትልቅ ድርጅት ጠቀለሉ። በ1981 ሶሻሊስቶች ፈረንሳይን ሲይዙ ሙሴ ካስቴል ኑሯቸውን ወደ ስዊስ አዛወሩ። ግብሩ ከደመወዙ ላይ የሚቈረጥበት የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይል ይሆናል። በዝዋይ ያስተከሉት ወይን በ2014 ለገበያ ቀረበ፤ ሜታ ቢራም በ2022 ወደ ድርጅታቸው ገባ።

ለአሶሳ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው የእህሉ ነገር ነው። የፋብሪካ ቢራ ብቅል በብዛት የገብስ ነው፤ ገብሱም የአርሲና የባሌ ደጋ ፍሬ ነው። የቤኒሻንጉል ቆላ እህል ማሽላ ነው። ታዲያ ማሽላ ለፋብሪካ አይሆንም የሚል ሰው ናይጄሪያን ይመልከት። መንግሥቷ በ1988 የገብስ ብቅል ከውጭ እንዳይገባ ስለ ከለከለ፥ ታላላቆቹ ጠማቂዎች ወደ ማሽላና ወደ በቆሎ ዞሩ፤ ክልከላው ከተነሣ በኋላም ማሽላው ከጋኑ አልወጣም።

ችግር የለውም ማለት አይደለም። የማሽላ ብቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም ከገብስ ብቅል ያነሰ ስለ ሆነ፥ ፋብሪካው ኢንዛይም ገዝቶ ይጨምርበታል። ስታርቹም የሚበስለው ከገብሱ በበለጠ ሙቀት ነው። ማሽላ አብቅለው፥ አድርቀውና አስፈጭተው ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ልጅ ያስተማሩት ይህን ሁሉ በዓይንና በእጅ እየለኩ ነው። ፋብሪካ ግን በእጅ አይለካም፤ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ዘር፥ የተበጠረና የደረቀ፥ በቁርጥ ቀን መጋዘን የሚደርስ እህል ይጠይቃል። ዛሬ በግብርና ጽሕፈት ቤት የተቀጠራችሁ ወጣቶች ከገበሬው ጋር ልትነጋገሩበት የሚገባው ይኸው የዘሩና የመንገዱ ጉዳይ ነው።