«ቲቸር፣ እርስዎም?»

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይቺን ጽሑፍ ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ረዘም ትላለች፣ ታገሱኝ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ሰሌዳ ፊት ቆሜ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስል ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ከእናንተ አንዱ ቤቲንግ ቤት ውስጥ ትኬት ይዤ አገኘኝ። አልሳቀም። ዝም ብሎ አየኝና «ቲቸር፣ እርስዎም?» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። ምን ልበለው?

እውነቱ ይኸው። በ2014 ዓ.ም. የዕቁብ ዕጣ ወጣልኝ፤ 18 ሺህ ብር። ለዲግሪ መመዝገቢያ ያሰብኩት ነበር። ጓደኞቼ በክረምት እየተማሩ ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ሲያሳድጉ፣ እኔ «ዘንድሮስ ይለፈኝ» እያልኩ የቀረሁ ሰው ነኝ። ብሩ እጄ ሲገባ «ትንሽ ላብዛው» አልኩ። በ50 ብር ጀመርኩ። ከአራት ወር በኋላ ምዝገባ ሲከፈት የቀረኝ 1,300 ብር ነበር። ለባለቤቴ «ምዝገባው ተራዘመ» አልኳት። ከብሩ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ውሸት ነው።

የሚገርመው ደግሞ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ፕሮባብሊቲ አስተምራለሁ! አንድ ቡድን የማሸነፍ ዕድሉ ከ100 ስልሳ ነው እንበል። ጥሩ ነው። እንዲህ ያሉ ስምንት ጨዋታዎችን አንድ ትኬት ላይ ስትደረድሩ ግን 0.6ን ስምንት ቦታ ጽፋችሁ ታባዛላችሁ፤ ውጤቱ 0.017 ገደማ ነው። ከ100 ትኬት ሁለቱ እንኳ አይሞላም። ይህን ሰኞ ለተማሪ አስረዳለሁ፣ ቅዳሜ ትኬት እቆርጣለሁ። «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» እያልኩም ለሚቀጥለው ሳምንት ተስፋ አደርጋለሁ። ማወቅ ብቻውን ሰውን አይይዝም።

«ራስህን ግዛ፣ ጠንክር» የሚለው ምክርም አልያዘኝም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዋልተር ሚሼል የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ስታንፎርድ ውስጥ ሕፃናት ፊት ጣፋጭ እያስቀመጠ «እስክመለስ ከጠበቃችሁ ሁለት ታገኛላችሁ» ይላቸው ነበር። ይህን ታሪክ ሰው የሚያወራው «የታገሰ ልጅ ወደፊት ይሳካለታል» ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ግን የቤተሰብ ኑሮ ሲታሰብበት ያ ግንኙነት በጣም እንደሚቀንስ አሳይቷል። እኔን የነካኝ ሌላው ነው። ከታገሱት ልጆች ብዙዎቹ ጣፋጩን እያዩ አልታገሉም። ዓይናቸውን ሸፈኑ፣ ፊታቸውን አዞሩ፣ ዘፈኑ። እኔ ግን ጣፋጩን ስልኬ ውስጥ ይዤ እየዞርኩ «ራሴን እቆጣጠራለሁ» እል ነበር።

አባቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁታል። ዕቁብ ሌላ ምንድነው? ብሩን ፍላጎታችን ሳያየው ከእጃችን ያወጣዋል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ አለ፣ ስትቀር «ምነው?» የሚልህ ሰው አለ። 18 ሺውን ያጠራቀምኩት በልቤ ጥንካሬ አልነበረም፤ ሰው ዓይን ስር ስለነበርኩ ነው። የበተንኩት ብቻዬን ስሆን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለባለቤቴ ተናገርኩ። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ከዚያ የደመወዜን ካርድ ተቀበለችኝ። አፑን ከስልኬ አጠፋሁ። አዲስ ዕቁብ ገባሁና ዕጣዬ ሲወጣ ብሩ ለእሷ እንዲሰጥ ለዳኛው ነገርኩት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልክ ጨዋታ በሚጀምርበት ሰዓት፣ ትምህርት ቤት ማጠናከሪያ አስተምራለሁ። ያሳፍራል? አዎ፣ ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ሲጠበቅ ያሳፍራል። ግን ዘንድሮ ሁለተኛ ክረምቴን እየተማርኩ ነው።

ሥራ ለሌለው፣ ነገ ለጨለመበት ወጣት «ታገስ» ማለት ብቻውን ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ነገውን የሚያምንበት ነገር ይፈልጋል። ግን ወንድሜ፣ ያለህን ትንሽ ነገር ብቻህን አትጠብቀው። የሚጠይቅህ ሰው ፈልግ። ልብህን አትመነው፤ እኔ አምኜው አይቻለሁ።

ያን ቅዳሜ የጠየቅኸኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፦ አዎ፣ እኔም። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ቤት አለሁ፣ ና።