ከአጥር ግቢ ያልወጣ የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና

ግልጽ ደብዳቤ፤ በአሶሳ ከተማ ለሚሠሩ የአሽከርካሪ ማሰልጠኛ ተቋማት ኃላፊዎች፣ አሰልጣኞችና ፈታኞች

ይህ ደብዳቤ እንዲጻፍ ምክንያት የሆነው፣ በዚህ ዓመት የክረምት መግቢያ ላይ በከተማዋ ከሚገኙት ማሰልጠኛዎች በአንዱ ትምህርታቸውን ጨርሰው የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ከወሰዱትና አብዛኞቹ 18 ዓመት ከሞላቸው ብዙም ካልቆዩት ወጣቶች መካከል፣ በሥልጠናው ወቅት ከአስፋልት ወጥቶ በጠጠር መንገድ ላይ መሪ የጨበጠ አንድም ሰው አለመገኘቱ ነው። የተቋሙን ስም መጥራት አላስፈለገም፤ ጉድለቱ ከአንድ ቤት አልፎ የጠቅላላው አሠራር መሆኑን የደብዳቤው ተቀባዮች ከማንም በላይ ያውቁታልና።

ተቋማቱ የሚመሰገኑበት ነገር የለም ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600/2000 እና እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መንጃ ፈቃድን በተሽከርካሪ ዓይነት ከፋፍለው፣ ፈቃድ ጠያቂው ዕውቅና ካለው ማሰልጠኛ ተቋም ተምሮ እንዲመጣና በንድፈ ሐሳብም በተግባርም እንዲፈተን ካደረጉ ወዲህ፣ የአሶሳ ወጣት የመንገድ ምልክቶችን ለይቶ ያውቃል፤ የሞተርን ሥራ በመጠኑም ቢሆን ይረዳል፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ቢጠየቅ ይመልሳል። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ መማር ሳያስፈልገው ይህን ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ምስጋናው ግን እዚህ ላይ ያበቃል።

ዋናው ቅሬታ ሥልጠናው መንዳትን ትቶ ፈተና ማለፍን ብቻ ማስተማሩ ነው። ተማሪው የተግባር ሰዓቱን አብዛኛውን የሚያሳልፈው በአጥር ግቢ ውስጥ በተተከሉ እንጨቶች መካከል ወደ ኋላ ሲነዳና ፓርኪንግ ሲገባ ሲሆን፣ መሪውን ስንት ጊዜ ማዞር እንዳለበት የሚያውቀውም የመኪናውን ስፋት ገምቶ ሳይሆን፣ የስንተኛው እንጨት ጥግ በስፖኪዮው ላይ ሲታይ ምን ማድረግ እንዳለበት በቃሉ ስለያዘ ነው። እንጨቱ በአንድ ክንድ ቢነሳ ትምህርቱ አብሮ ይነሳል። ከግቢ ወጥቶ የሚነዳባቸው ጥቂት ሰዓታት ደግሞ በከተማዋ አስፋልት ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ፈታኙ በሚያዘወትረው መስመር ላይ የሚጠናቀቁ ናቸው። ይህ ወጣት በሌሊት ነድቶ አያውቅም፤ በዝናብ ነድቶ አያውቅም፤ አምስት ሰው አሳፍሮና ዕቃ ጭኖ ነድቶ አያውቅም። በማግሥቱ የሚሰጠው ፈቃድ ግን ይህን ሁሉ ይፈቅድለታል።

አሶሳ የምትገኝበት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መንገድ ግን የግቢውን መንገድ አይመስልም። ከዋናው አስፋልት ወጣ ሲሉ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስደው ጠጠርና ቀይ አፈር ነው፤ ይህም አፈር ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚዘልቀው የዝናብ ወራት ጎማ ሥር ይሟሟል፤ በበጋ ደግሞ እንደ ዱቄት ደቅቆ ከፊት ያለውን መኪና አቧራ ውስጥ ይሰውራል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ግንባታው ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ለተመረቀው የህዳሴ ግድብ፣ በኋላም ለኩርሙክ የወርቅ ማዕድን ፕሮጀክት ዕቃ ሲያመላልሱ የኖሩ ከባድ ተሽከርካሪዎች የክልሉን መንገዶች ከቤት መኪናዎች፣ ከባጃጆች፣ ከሞተር ሳይክሎችና ከከብት መንጋ ጋር ሲጋሩ ኖረዋል። ከእነዚህ ከባድ መኪናዎች አንዱ በአቧራ ውስጥ ከፊት ለፊት ሲመጣ ዳር መያዝ፣ ፍጥነት መቀነስና መብራት ማብራት እንዴት እንደሚቀናጁ በእንጨቶች መካከል ሊማሩት አይቻልም።

ቁልቁለትን ብቻ ለይቶ መመልከት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ቤንዚን በወረፋ በሚገኝበት አካባቢ ብዙ አሽከርካሪዎች ቁልቁለት ሲደርሱ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ ከጎማው ጋር በማይያያዝበት ቦታ ላይ ያደርጋሉ፤ ይባስ ብሎ ሞተሩን የሚያጠፉም አሉ። መኪናው በፎሌ ሲወርድ ሞተሩ ፍጥነቱን ገትቶ ስለማይይዝ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል፤ ፍሬኑ ደጋግሞ ሲረገጥ ሸራው ይግላል፣ የጋለ ሸራም እንደ ወትሮው መያዝ ያቅተዋል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ስለሚያልቅ ፔዳሉ ይደርቃል፣ መሪውም ይከብዳል። መፍትሔው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ከባድ ማርሽ፣ ማለትም ወደ አንደኛ ወይም ወደ ሁለተኛ መቀየር መሆኑን ማንኛውም ተማሪ በጽሑፍ ፈተና ላይ በትክክል ይመልሳል። ሆኖም ሞተሩ መኪናውን ሲይዘው የሚሰማውን ድምፅና መጎተት በሰውነቱ የማያውቅ ወጣት፣ ድምፁ ሲጎላ ሞተሩ የተጎዳ መስሎት ማርሹን መልሶ ፎሌ ላይ ያደርገዋል። ይህን አንድ ትምህርት ለመስጠት የሚያስፈልገው አንድ እውነተኛ ቁልቁለት፣ አንድ አሰልጣኝና ግማሽ ቀን ነበር።

የማሰልጠኛ ተቋማት ከመስፋፋታቸው በፊት አብዛኛው የጭነት መኪና ሾፌር ከረዳትነት የመጣ ነበር፤ ረዳት የሚባለውም ዕቃ እያስጫነ፣ ጎማ እየቀየረ፣ ለዓመታት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ የሚጓዝ ወጣት ነው። ያ አሠራር ብዙ ነውር ነበረበት፤ ረዳቱ ይበዘበዝ ነበር፤ ሕጉንም አያውቀውም ነበር። መሪ በሚጨብጥበት ቀን ግን መንገዱን ያውቀዋል። ማሰልጠኛዎቹ የረዳቱን መሃይምነት ሲያስቀሩ የረዳቱን መንገድም አብረው አስቀሩት፤ በምትኩም ያኖሩት ነገር የለም። ቅሬታው ከሁሉም በላይ የሚመረው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ክፍተት በመለማመጃ ፈቃድ ሸፍኖታል። የመለማመጃ ፈቃድ ማለት ወጣቱ ልምድ ያለው አሽከርካሪ አጠገቡ እስካለ ድረስ በእውነተኛ መንገድ ላይ እንዲነዳ የሚፈቅድና ሙሉ መብት የማይሰጥ ወረቀት ነው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 መብቱ ደረጃ በደረጃ እየሰፋ የሚሄድበትን ሥርዓት ጀመረች፤ ብዙ አገሮችም ተከተሏት። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት አንድ ልጅ ከ15 ዓመት ከ9 ወር ጀምሮ የመለማመጃ ፈቃድ መውሰድ ይችላል፤ ነገር ግን ቢያንስ 9 ወር ይዞት መቆየትና ወላጁ ወይም ሌላ ብቁ አሽከርካሪ አጠገቡ ተቀምጦ 60 ሰዓት መንዳት አለበት፤ ከዚህም ውስጥ 10 ሰዓቱ የሌሊት ነው። የአሶሳ ቤተሰብ አብዛኛው መኪና ስለሌለው ይህ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። ስለዚህም ነው በዚያ አገር የወላጅ የሆነው ኃላፊነት እዚህ ሙሉ በሙሉ በማሰልጠኛው ትከሻ ላይ የወደቀው።

ነገሩ ከመንጃ ፈቃድም ይሰፋል። ፈተና እንዲታለፍ እንጂ ዕውቀት እንዲገኝ የማይማሩበት ልማድ ከትምህርት ቤት ተነሥቶ ማሰልጠኛውን የወረሰው ይመስላል፤ በቤታቸው በርታኛ ወይም ጉሙዝኛ የሚናገሩ ወጣቶች የአማርኛውን ጥያቄና መልስ ትርጉሙን ሳያላምጡ በቃላቸው ሲሸመድዱ አስተማሪው ዝም ብሎ ማለፉም የዚሁ ልማድ ፍሬ ነው። በዚህ ላይ ለመንጃ ፈቃድ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች በአደባባይ ባጃጅ ሲያሽከረክሩ የሚጠይቃቸው የለም፤ ሕግ አክብሮ 18 ዓመት እስኪሞላው የጠበቀው ወጣት ከእነርሱ ያነሰ የመንገድ ልምድ ይዞ መውጣቱም ሕግ ማክበርን የሚያስቀጣ ሆኗል። ጉዳዩ የሕይወት መሆኑን ለማስታወስ ያህል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው በዓመት ከ100,000 ሕዝብ 26.7 እንደሚደርስ ገምቶ ነበር።

ተቋማቱ ነዳጅ ውድ ነው፣ ወላጅ ተጨማሪ ክፍያ አይችልም፣ ፈታኙም ከከተማ አይወጣም ሲሉ ኖረዋል። የመጀመሪያው ምክንያት እውነት ነው፤ ሁለተኛውን ግን ወላጆች ተጠይቀው አልመለሱትም፤ ልጁ ከአሶሳ ወደ ጎረቤቷ ባምባሲ ከተማ ወጥቶ መመለሱ ምን ያህል ብር እንደሚጨምር ቀድሞ የነገራቸው የለምና። ሦስተኛው ደግሞ የፈታኞቹ ኃላፊነት ሲሆን፣ የፈተናው መስመር ጥቂት ኪሎ ሜትር ጠጠርና አንድ ቁልቁለት ቢጨመርበት ማሰልጠኛዎቹ በሳምንቱ ወደዚያው መስመር ተማሪ ይዘው እንደሚወጡ ማንም አይጠራጠርም። ተቋማቱ ሲተቹ ጥብቅና የቆሙላቸውና ልጆቻቸውን ከሌላ ከተማ ይልቅ ወደ እነርሱ የላኩ ቤተሰቦች ይህን በቃል ደጋግመው ቢያሳስቡም መልሱ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። አሁን የሚጠየቀው በጽሑፍ ነው፤ ቀጣዩ ዙር ተማሪ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ተቋም ከአስፋልት ውጭ፣ በዝናብና ከመሸ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሚያስነዳና ለዚህም ስንት እንደሚያስከፍል በበሩ ላይ ይለጥፍ።