270ን ፍለጋ፦ የ2028ቱ የአሜሪካ ምርጫ በየግዛቱ ሲሰላ

የሚቀጥለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የሚካሄደው ኖቬምበር 7 ቀን 2028 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱ ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን ገና አልለዩም። ክርክሩ ግን በየቢሮውና በየካፌው ከወዲሁ ደርቷል። “ቫንስና ኒውሶም ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል?” ይባላል። አንዱ የወደደውን ያነግሣል፣ ሌላው የጠላውን ይጥላል። ክርክሩ ሲያበቃም ሁሉም ይዞት የመጣውን ይዞ ይሄዳል።

“ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር” ይላል ያገራችን ሰው። በእኔ እምነት የአሜሪካን ምርጫ ለመተንበይ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት “ማን ያሸንፋል?” ብሎ ሳይሆን “የት የት ያሸንፋል?” ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ያስቀደመ ሰው የእጩዎቹን ስም ሳይሰማ እንኳ ብዙ ነገር ያውቃል። ከዚያም በላይ፣ ማንም ሊያውቀው የማይችለው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ያስቀምጣል።

ስለ እጩዎች በእርግጠኝነት የምናውቀው አንድ ነገር አለ። በ1951 የጸደቀው 22ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ማንም ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ለፕሬዚዳንትነት እንዳይመረጥ ይከለክላል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የተመረጡት ዶናልድ ትራምፕ በ2028 አይመረጡም። እኔም ስም ትቼ “ዴሞክራቱ” እና “ሪፐብሊካኑ” እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም። እያንዳንዱ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤት ባለው ወንበር ልክ፣ በዚያም ላይ ለሁለቱ ሴናተሮቹ ሁለት ተጨምሮ፣ መራጭ ወኪሎች አሉት። ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ በ1961 በጸደቀው 23ኛው ማሻሻያ መሠረት 3 ታገኛለች። ድምሩ 538 ነው፤ ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። ይህ ነው ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚባለው።

በ48 ግዛቶች በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ እጩ የግዛቱን ወኪሎች ጠቅልሎ ይወስዳል። ለኛ አገር አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛም የምርጫ ሥርዓት በአንድ የምርጫ ክልል በአንድ ድምፅ ያሸነፈም ሆነ በአሥር ሺህ ያሸነፈ የሚያገኘው ያንኑ ወንበር ነው። ሜይንና ነብራስካ ብቻ የተወሰኑትን ወኪሎቻቸውን በኮንግረስ ወረዳ ከፋፍለው ይሰጣሉ። እነዚህን ሁለቱን አንባቢ በልቡ ይያዛቸው፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ከዚህ ሕግ የሚከተለው ውጤት ግልጽ ነው። በ2000 አል ጎር በአገር አቀፍ ድምፅ በግማሽ ሚሊዮን ገደማ በልጠው፣ ፍሎሪዳ ላይ በ537 ድምፅ በመሸነፋቸው ፕሬዚዳንትነቱ ለጆርጅ ቡሽ ሆነ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በ2.9 ሚሊዮን ገደማ በልጠው ተሸነፉ። በ2020 ደግሞ ጆ ባይደን በ7 ሚሊዮን ድምፅ ቢበልጡም፣ በአሪዞና፣ በጆርጂያና በዊስኮንሲን የነበራቸው ብልጫ ተደምሮ 43 ሺህ አይሞላም ነበር። እነዚያ ሦስት ግዛቶች ወደ ትራምፕ ቢሄዱ ኖሮ ውጤቱ 269 ለ269 ይሆን ነበር። እንግዲህ አገር አቀፍ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ብቻ ይዞ የሚተነብይ ሰው ሕጉ የማይቆጥረውን ነገር ነው የሚቆጥረው።

ያለቀላቸውና ያላለቀላቸው

በ2024 ሪፐብሊካኑ 312፣ ዴሞክራቷ 226 ወኪሎች አገኙ። የፍልሚያው ሜዳ የነበሩት ሰባት ግዛቶች ናቸው፦ ፔንሲልቫኒያ (19)፣ ጆርጂያ (16)፣ ሰሜን ካሮላይና (16)፣ ሚሺጋን (15)፣ አሪዞና (11)፣ ዊስኮንሲን (10) እና ኔቫዳ (6)። ድምራቸው 93 ነው። ትራምፕ ሰባቱንም ወሰዱ።

እነዚህን ሰባት ወላዋይ ግዛቶች ከሒሳቡ ብናወጣ ሪፐብሊካኑ 219፣ ዴሞክራቱ 226 ይዘው ይጀምራሉ። ካሊፎርኒያ (54)፣ ኒው ዮርክ (28) እና ኢሊኖይ (19) ለዴሞክራቱ፤ ቴክሳስ (40)፣ ፍሎሪዳ (30) እና ኦሃዮ (17) ለሪፐብሊካኑ ናቸው። እዚህ ላይ ከስሜት በቀር የሚያከራክር ብዙ ነገር የለም።

ይህ ማለት ግን ካርታው በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ነው ማለት አይደለም። ኦሃዮ ከ1964 እስከ 2016 ሁልጊዜ አሸናፊውን ስትመርጥ ቆይታ በ2020 ከመስመሩ ወጣች፤ ዛሬ የሪፐብሊካን ግዛት ናት። በ537 ድምፅ የተወሰነችው ፍሎሪዳ በ2024 በ13 ነጥብ ወደ ሪፐብሊካኑ ሄዳለች። ከ1968 እስከ 2004 ለሪፐብሊካን ታማኝ የነበረችው ቨርጂኒያ በአንጻሩ ከ2008 ጀምሮ ዴሞክራት ስትመርጥ ኖራለች። ግዛቶች ይለወጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ለውጡ በአንድ ሌሊት የሚመጣ አይደለም።

ስሌቱ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። መነሻችን የ2024 ውጤት ነው። “ነጥብ” ስል በሁለቱ እጩዎች መካከል ያለውን የመቶኛ ልዩነት ማለቴ ነው። ሪፐብሊካኑ በዊስኮንሲን በ0.9፣ በሚሺጋን በ1.4፣ በፔንሲልቫኒያ በ1.7፣ በጆርጂያ በ2.2፣ በኔቫዳ በ3.1፣ በሰሜን ካሮላይና በ3.2፣ በአሪዞና በ5.5 ነጥብ አሸነፉ። በአገር አቀፍ ደረጃ ብልጫቸው 1.5 ነጥብ ነበር።

ልዩነቱ በሁሉም ግዛት እኩል 2 ነጥብ ወደ ዴሞክራቱ አዘነበለ እንበል። ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋንና ፔንሲልቫኒያ ይገለበጣሉ፤ ዴሞክራቱ በ226 ላይ 44 ጨምሮ ልክ 270 ይሆናል። 2.5 ነጥብ ቢሆን ጆርጂያ ተጨምራ 286። 3.5 ቢሆን ኔቫዳና ሰሜን ካሮላይና ተጨምረው 308። 6 ቢሆን አሪዞናም ገብታ 319። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ነው፤ የምትከተለው ትልቅ ግዛት ኦሃዮ ስትሆን ልዩነቷ 11 ነጥብ ነው።

በተቃራኒው እናስብ። 3 ነጥብ ወደ ሪፐብሊካኑ ቢያዘነብል ኒው ሃምፕሻየር (4) ተጨምራ 316 ይሆናል። 5 ቢሆን ሚኒሶታ (10) እና የነብራስካዋ የኦማሃ ወረዳ (1) ገብተው 327። 6.5 ቢሆን ደግሞ ቨርጂኒያ፣ ኒው ጀርዚና ኒው ሜክሲኮም ሄደው 359 ይደርሳል።

ስድስት ነጥብ የማይታሰብ እንዳይመስለን። ባይደን በ2020 በ4.5 ነጥብ አሸንፈው፣ ፓርቲያቸው በ2024 በ1.5 ነጥብ ተሸንፏል። የአራት ዓመት ለውጡ 6 ነጥብ መሆኑ ነው። በአንድ የምርጫ ዘመን ለውጥ ከ319 ለዴሞክራቱ እስከ 350ዎቹ ለሪፐብሊካኑ ሊደረስ ይችላል ማለት ነው። “እጩ እገሌ በእርግጠኝነት 300 ያገኛል” የሚለውን ሰው ይህን ስፋት አይቶት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ግዛቶች ብቻቸውን አይሄዱም

ብዙ ጊዜ የሚሠራ አንድ የስሌት ስሕተት አለ። ሦስት ወላዋይ ግዛቶች እያንዳንዳቸው ሳንቲም እንደመወርወር ከሆኑ፣ ሦስቱንም የማሸነፍ ዕድል ከስምንት አንድ ነው ይባላል። ይህ የሚሠራው ግዛቶቹ የማይገናኙ ቢሆኑ ነው። ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋንና ፔንሲልቫኒያ ግን ከ1992 ጀምሮ በተካሄዱት ምርጫዎች ሁሉ አንድ ላይ ነው የመረጡት። ለዚህም ነው ውድድሩ በጥናቶቹ ላይ አንገት ለአንገት ሆኖ ሳለ በ2024 ሰባቱም ግዛቶች ወደ አንድ ወገን የሄዱት።

የአስተያየት ጥናቶቹም ሲሳሳቱ አብረው ይሳሳታሉ። በ2016ም በ2020ም በነዚህ ግዛቶች የትራምፕን ድጋፍ አሳንሰው ነው ያሳዩት። በ2020 ምርጫው ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት ኤቢሲ ኒውስና ዋሽንግተን ፖስት ባይደንን በዊስኮንሲን በ17 ነጥብ አስቀደሟቸው፤ ያሸነፉት ግን ከአንድ ነጥብ ባነሰ ልዩነት ነው። በ2024 አንድ የታወቀ የአይዋ ጥናት ካማላ ሃሪስን በ3 ነጥብ አስቀድሞ፣ ትራምፕ በ13 ነጥብ አሸነፉ። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ሁሉም “እኔ ብያለሁ” ይላል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

የእኔም እኩል ማዘንበል የሚል ስሌት ገደብ አለው። ከ2020 እስከ 2024 ዊስኮንሲን ወደ ሪፐብሊካኑ የሄደችው 1.5 ነጥብ ብቻ ሲሆን ኒው ጀርዚ 10 ነጥብ ገደማ ሄዳለች። ስሌቱ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

እኔ ብጠየቅ

ባለፉት ሦስት ምርጫዎች፣ በ2016፣ በ2020 እና በ2024፣ ዋይት ሐውስን የያዘው ፓርቲ ተሸንፏል። በኖቬምበር 2025 በቨርጂኒያና በኒው ጀርዚ በተካሄዱት የአገረ ገዥ ምርጫዎች ዴሞክራቶች ከ10 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት አሸንፈዋል። ሁለቱን ግዛቶች ለጊዜው ከሥጋት ዝርዝር አወጣቸዋለሁ። ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋንና ፔንሲልቫኒያ በጠባብ ልዩነት ወደ ዴሞክራቱ፤ አሪዞና፣ ሰሜን ካሮላይናና ኔቫዳ ወደ ሪፐብሊካኑ ያደላሉ እላለሁ። ጆርጂያን ሚዛኑ ላይ እተዋታለሁ። የኔ ካርታ እንግዲህ ዴሞክራቱን 270 ወይም 286 ይሰጠዋል። ይህ ግምት ብዙ ክብደት እንዳይሰጠው ግን አደራ እላለሁ፤ ከላይ እንዳየነው ሁለት ነጥብ ይገለብጠዋል።

የሕግ ሰው ሆኜ የሚያሳስበኝ 270 የምትለዋ ቁጥር ራሷ ናት። በውስጧ የኦማሃ አንድ ድምፅ አለች። የነብራስካ ሪፐብሊካኖች ግዛታቸው ወኪሎቿን ጠቅልላ እንድትሰጥ በ2024ም በ2025ም ሞክረው አልተሳካላቸውም። ያች አንድ ድምፅ ብትሄድ ውጤቱ 269 ለ269 ይሆናል። ያን ጊዜ በ12ኛው ማሻሻያ መሠረት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚቆጠረው ግን በእንደራሴ ሳይሆን በግዛት ነው። 54 ወኪሎች ያሏት ካሊፎርኒያና 3 ያሏት ዋዮሚንግ እኩል አንድ አንድ ድምፅ ይኖራቸዋል፤ 26 ያገኘ ያሸንፋል። በ1824ቱ ምርጫ አንድሩ ጃክሰን ብዙ ድምፅ አግኝተው ሳለ ምክር ቤቱ በ1825 ጆን ኩዊንሲ አዳምስን የመረጠው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ የቆጠራው ጉዳይ አለ። በ2020ም ሆነ በ2024 ፔንሲልቫኒያና ዊስኮንሲን በፖስታ የመጣን ድምፅ መክፈት የጀመሩት በምርጫው ዕለት ጠዋት ነው። በ2020 ምርጫው ማክሰኞ ተካሂዶ አሸናፊው የታወቀው ቅዳሜ ነበር። ሕጉ ካልተለወጠ በ2028ም የመጀመሪያው ሌሊት ውጤት የመጨረሻው ላይሆን ይችላል።

ለእኛ ምናችን ነው?

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ አንባቢ የሩቅ አገር ጨዋታ ሊመስል ይችላል። አይደለም። በኦክቶበር 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግብፅ የሕዳሴውን ግድብ ልታፈነዳው እንደምትችል ሲናገሩ ሰምተናል። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ያስወጣው ውሳኔ የፕሬዚዳንት ባይደን ነበር፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። በጁላይ 2025 ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ፤ ይህ ደግሞ በትራምፕ ዘመን ነው። በሁለቱም ፓርቲ ዘመን ብዕሩ እኛ ዘንድ ደርሷል። ስለዚህ “እገሌ ይሻለናል” ብሎ በአንድ ወገን ላይ ተስፋ ጥሎ ዕቅድ ማውጣት፣ ለመንግሥትም ለነጋዴም አደገኛ ነው።

በዚያ ያሉ ወገኖቻችንም ጉዳይ አለ። ብዙዎቹ የሚኖሩት በዋሽንግተንና በሜሪላንድ ነው፤ እነዚህ ያለቀላቸው ናቸው። ቨርጂኒያ ለዘብ ትላለች። በአትላንታና በላስ ቬጋስ የሚኖር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ግን ድምፁ የሚወድቀው ከወላዋዮቹ ግዛቶች በአንዱ ውስጥ ነው። ጆርጂያ በ2020 በ11,779 ድምፅ መወሰኗን ላስታወሰ ሰው፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከሚደረግ ትልቅ ሰልፍ ይልቅ በአትላንታ የሚደረግ የመራጭነት ምዝገባ የበለጠ ይመዝናል።

አንባቢ እስከ 2028 ድረስ ብዙ ትንበያ ይሰማል። ለተንባዩ ሦስት ጥያቄ ያቅርብለት፦ ከሰባቱ የትኞቹን ነው የሰጠኸው? ጥናቶቹ በሁሉም ላይ በሦስት ነጥብ ተሳስተው ቢገኙስ? 270 ሳይሞላ ቢቀርስ? መልስ ያለው ከሆነ ይደመጥ። ካርታው ራሱም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው፤ ከ2030ው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ወኪል ጨምረው፣ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ እንደሚቀንሱ ይጠበቃል። ይህ ከሆነ ዛሬ ልክ 270 የሚያደርሰው የሦስት ግዛቶች መንገድ በ2032 አያደርስም።